ፕሮሰሰሬን ለዳሩልኝ ለክቡር አቶ አምባቸው

ይድረስ ለክቡር አቶ አምባቸው፣
የላይ ሰፈር የወጣቶችና የዕርቅ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ኃላፊ፣
መካነ ሰላም

ክቡር ሆይ፦

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ሰነበቱልኝ? ቤተሰብዎ፣ ከብቱ፣ ማሳው ደኅና ነው? ሰሞኑን ጉንፋን ክፉኛ ይዞዎታል ሲባል ሰምቼ ነበርና እስካሁን ለቆዎት እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ካልለቀቀዎትም አላህ ያሽርዎት። ይህን የምልዎት ለወግ አይደለም፣ ወላሂ ከልቤ ነው። በእኛ አገር የታመመ ሰው አይወቀስም፤ እኔ ደግሞ ከወቀሳም ከበድ ያለ ነገር ይዤልዎት ስለመጣሁ ጤነኛ ሆነው፣ ጆሮዎ ጥርት ብሎ እንዲሰሙኝ እፈልጋለሁ።

ብዙ ባለጉዳይ የሚያስተናግዱ ሰው ስለሆኑ ቢዘነጉኝ አልቀየምም። ነሲባ ኑርሁሴን እባላለሁ። ከመናኸሪያው ወደ ላይ ሲወጡ ከብየዳ ቤቱ አጠገብ ባለችው አንዲት ክፍል፣ ቀን የሰርግ ቪዲዮ የማቀናብር፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ የሰፈሩን ወጣት ጌም የማጫውት ሴት ነኝ። አባቴ ከበላይ ቤት ቁርኣን ያስቀራል፣ እኔ ከበታች ጌም አጫውታለሁ፤ ሁለታችንም ቀኑን ሙሉ ዝም በሉ ስንል እንውላለን።

እንጀራዬ አንዲት ኮምፒውተር ነበረች። ነበረች ማለቴን ልብ ይበሉልኝ። ይህን ደብዳቤ በታሸገ ፖስታ ልልክልዎት አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ኮምፒውተሬ የሞተችው በአዳራሽዎ ውስጥ፣ ሕዝብ እያጨበጨበ ነውና ለቅሶዋም በአደባባይ ቢሆን ይገባታል ብዬ ግልጽ አደረግሁት። ቢሮዎም ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ዘበኛው ስለ ዕርቅ ሥልጠና ላይ ናቸው እያለ መልሶኛል። ሥልጠናው ዘግይቶም ቢሆን በመጀመሩ ደስ ብሎኛል።

ነገሩን ያውቁታል ብዬ ስም ላጠፋብዎት አልፈልግምና፣ ለሌላው አንባቢ ስል ከሥሩ ልጀምር። ኮምፒውተር ውስጥ የሚያስበው ክፍል ፕሮሰሰር ይባላል፤ መጠኑ ከክብሪት ሳጥን ብዙም አይበልጥም። የሚቀመጥበት ሰፊ ሰሌዳ ደግሞ ማዘርቦርድ ነው። እኛ ለጌም የምንጠቀምባቸውን ፕሮሰሰሮች በዋናነት የሚያወጡት ሁለት ተፎካካሪዎች ናቸው፣ ኢንቴልና ኤኤምዲ። የሰፈራችን ወጣት ኢንቴሉን ሰማያዊ፣ ኤኤምዲውን ቀይ እያለ ይጠራቸዋል። የእኔዋ ቀይ ነበረች። ከመንገዱ ማዶ ጌም ቤት የነበረው የክንፈ ኮምፒውተር ደግሞ ሰማያዊ ነበር።

ክንፈና እኔ በዚህ ስንከራከር ዓመታት አለፉ። እሱ የሚለው፣ ጌም የሚፈልገው አንዱን ሥራ ቶሎ መጨረስ ነውና ሰማያዊው ይበልጣል፣ በተለይ ስሙ መጨረሻ ላይ ኬ የምትል ፊደል ያለችበትን ከያዝሽ ፍጥነቱን እንድትጨምሪ ፋብሪካው ራሱ ፈቅዶልሻል ነው። እኔ የምለው ደግሞ ቀዩ እንዲህ ያለ ፊደል ሳያስፈልገው አብዛኛው ክፍት ነው፣ መብራትም አይሻማም፣ ልጆቹ ጌም እየተጫወቱበት ከጀርባ የሰርግ ቪዲዮ ሳስጨርሰው አያጉረመርምም፣ አዲስ ፕሮሰሰር በወጣ ቁጥርም ማዘርቦርዱን ቀይሪ እያለ አያስቸግረኝም ነው። እሱ የእኔን የሰርግ ቤት ፕሮሰሰር ይላታል፣ እኔ የእሱን ምድጃው እለዋለሁ። ማሞቂያ ሲያምረን ወደ ክንፈ ቤት እንሂድ ብዬ በሰው ፊት ስቄበታለሁ፤ እሱም ሙሽራ ሲያምረን ወደ ነሲባ እንሂድ ብሎ መልሶልኛል። ጠብ ብለው የመዘገቡልን ነገር ይሄው ነው።

ኦቨርክሎክ የሚባለው ደግሞ ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማስኬድ ነው። በቅሎን ትንፋሿን እያዳመጡ ከልምዷ በላይ እንደ ማስኬድ ያለ ነገር ነው፤ ጥቂት ይጨምራሉ፣ ሙቀቱን ያያሉ፣ ካጉረመረመ ይመለሳሉ። ማን ይበልጥ በዚህ ጥበብ ያውቅበታል፣ ከሁለቱ ፕሮሰሰሮችስ የትኛው ይበልጥ ይታገሣል የሚለውን በሰው ፊት ልንለይ ለገበያ ቀን ቀጠሮ ያዝን። የጌሙን ምስል የሚያወጣው የቪዲዮ ካርድ ጥሩው ያለን አንድ ብቻ ስለነበር ከአንዱ ወደ ሌላው እየነቀልን፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ጌም ልንፈትሻቸው ነው። የተሸነፈ ለተመልካቹ ሁሉ ሻይ ይጋብዛል። ወጣቱ ቀይና ሰማያዊ ብሎ ተከፈለ፣ ጮኸ፣ ተሳደበ፣ ተሳሳቀ። አንድ ብርጭቆ እንኳ አልተሰበረም። እርስዎ የደረሱልን በዚህ ጊዜ ነበር።

ከዚህ በታች ያለው እንግዲህ የምስጋና ዝርዝሬ ነው።

አንደኛ፦ ሳንጣላ ስላስታረቁን አመሰግናለሁ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው ሰው ተረት ላይ ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር። በኋላ እንደሰማሁት ጽሕፈት ቤትዎ በሩብ ዓመቱ የፈታው ግጭት ጠፍቶ ሪፖርቱ ባዶ ሆኖብዎት ኖሯል፤ ሰላም የሆነ ሰፈር ላይ የሰላም ሹም ሆኖ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚከብድ እረዳዎታለሁ። እርስዎ ከዚህ ቀደም በድንበር የተቋሰሉ ሁለት ቤተሰቦችን ሸምግለው፣ የአንዱን ልጅ ለሌላው ድረው ደም ያደረቁ ሰው ነዎት። ይህን ማንም አይክድዎትም፣ እኔም አልክድዎትም፤ እነዚያ ቤተሰቦች ዛሬ አብረው ያርሳሉ። ጥፋቱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓይንዎ ያረፈበት ነገር ሁሉ ሁለት የተቋሰለ ቤተሰብ እየመሰለዎት፣ መድኃኒቱም ሁሌ ጋብቻ ሆነብዎት።

ሁለተኛ፦ መያዣችንን ስለተቀበሉልን አመሰግናለሁ። በአገራችን ሽማግሌ ሲቀመጥ ከሁለቱም ወገን መያዣ ይቀበላል። ጠመንጃም ይሁን በትር፣ ዕርቁ ሲወርድ እንደነበረ ለባለቤቱ ይመለሳል። ይህን ወግ እያወቅሁ ኮምፒውተሮቻችሁን በመያዣነት አስረክቡ ሲሉን እንዴት እምቢ እላለሁ? ክንፈ ሲያመነታ አብሽር፣ በወሎ ምድር መያዣ የነካ ሽማግሌ ተሰምቶ አያውቅም ያልኩት እኔ ነኝ። ያቺን ኮምፒውተር በአንድ ቀን ገዝቼ ያቆምኳት አይደለችም። ዘንድሮ ሚሞሪ፣ ለከርሞ ፋን እያልኩ ከደሴ በሚኒባስ፣ በጉጉፍቱ ብርድና በአቀስታ አቧራ ጭኔ ላይ አድርጌ ያመጣኋት ናት። ፕሮሰሰሯን ያመጣሁ ዕለት መኪናው በዘለለ ቁጥር በሁለት እጄ ደረቴ ላይ ስይዛት አጠገቤ የተቀመጡ እናት ልጄ ወርቅ ነው ወይ ብለው ጠይቀውኝ፣ እንጀራዬ ናት እማማ ብያቸው ነበር። እርስዎ ለተቀበሉት መያዣ ደረሰኝ እንኳ አልሰጡንም። ለነገሩ ለሽማግሌ ቃል ደረሰኝ አይጠየቅም።

ሦስተኛ፦ በአዳራሹ ስላደረጉት ጥልቅ ምርመራ አመሰግናለሁ። የሁለቱን ብራንዶች የትውልድ አገር ጠየቁ። ዕድሜያቸውን ጠየቁ። ከዚያ ዘመድ እንደሆኑና እንዳልሆኑ ጠየቁና፣ የተለያየ ፋብሪካ ልጆች ከመሆናቸውም በላይ ከድሮ ጀምሮ የሚፎካከሩ ናቸው ብዬ ብነግርዎት፣ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና እንደሌላቸው ተረጋግጧል ብለው በቃለ ጉባኤ አስጻፉ። ሳቄ መጥቶ ነበር፣ ወላሂ፤ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀጥለውም ቋንቋ ለቋንቋ ይግባባሉ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔም ሞኟ፣ ሀቅ ተናገሪ ተብዬ ያደግሁ ነኝና፣ አዎ፣ አንዱ የሚያነበውን ፕሮግራም ሌላውም ያነበዋል፣ አንድ ጌም በሁለቱም ላይ ይሠራል ብዬ መለስኩ። ያን ጊዜ ፊትዎ እንዴት እንደበራ እስካሁን አልረሳውም። ደም ካላገናኛቸው፣ ቋንቋ ካላጣላቸው ለጋብቻ ምን ቀራቸው ብለው፣ የቀዩ ፕሮሰሰር ለሰማያዊው ማዘርቦርድ፣ የሰማያዊው ፕሮሰሰር ለቀዩ ማዘርቦርድ እንዲዳሩ፣ በዚህም ሁለቱ ወገኖች ለዘላለም አማች እንዲሆኑ ወሰኑ።

ተነሥቼ መቀመጫቸው አይገጥምም አልኩ። ክንፈም ተነሥቶ እሷ እውነቷን ነው አለ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእኔ ጋር የተስማማው ያን ቀን ነው፣ ዕርቅዎ የሠራው እዚያ ላይ ብቻ ነው። እርስዎ ግን ሙሽራ መጀመሪያ እምቢ ማለቷ ወግ ነው ብለው አዳራሹን አሳቁት። ለዱአ የተጠሩት ሸህ አሕመድኑር፣ ዕድሜ የጠገቡና ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚያከብራቸው ሽማግሌ፣ የሁለቱም ባለቤቶች አይሆንም እያሉ እንዴት ይሆናል ብለው ቢጠይቁ፣ ይህ ቴክኒካዊ ጉዳይ ነው አባባ ብለው አስቀመጧቸው። እሳቸውም ዱአቸውን አደረጉ። ቴክኒክ ከማያውቁት መካከል ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

አራተኛ፦ ወደ ሰርጉ ልምጣ። ለዚህ ከባድ ሥራ የመደቡት ሚሊዮን፣ የጽሕፈት ቤትዎ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ የፕሪንተር ቀለም በመቀየር የተመሰከረለት ወጣት ነው። አላማዋለሁ፤ አይሆንም ጌታዬ የማይልበትን ደመወዝ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። የእኔ ፕሮሰሰር ከሆዷ ሥር ከሺህ የሚበልጡ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መርፌዎች አሏት። በክንፈ ማዘርቦርድ መቀመጫውም ራሱ መርፌ ነው። መርፌ ከመርፌ ላይ አስቀምጦ በአውራ ጣቱ ተጫነ። አልገባ ሲለው ቀና ብሎ አየዎት፣ እርስዎም ጠንከር አድርገህ አሉት። እሱም ጠንከር አደረገ። እንደ ደረቅ ሽምብራ ተንኮሻኮሸ። ሕዝቡ የገባ መስሎት እልል አለ፣ አጨበጨበ፣ እርስዎም ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። እኔ በዚያች ደቂቃ ጆሮዬን በነጠላዬ ይዤ እንደነበር ክንፈ በኋላ ነግሮኛል።

የሰማያዊው ፕሮሰሰር ሆዱ ልሙጥ ነው፤ መርፌ የለውም። ስለዚህ በእኔ ማዘርቦርድ ላይ ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ብስኩት ተቀመጠ። ሚሊዮን በፕላስተር አሰረው። ማቀዝቀዣ ፋኖቹን ደግሞ እንዲህ ባለ ብርዳም አገር ምን ያደርጋሉ ብለው አስነቀሉ። ክቡር ሆይ፣ የደጋችን ብርድ ለኦቨርክሎክ እንደሚጠቅም እኔም አውቃለሁ፣ መስኮት ከፍቼ ተጠቅሜበታለሁ። ነገር ግን አየራችን ስስ ነው፤ ሙቀት ጠራርጎ ለመውሰድ ፋኑ ከቆላው ይልቅ እዚህ በርትቶ መዞር አለበት። ይህን ለማስረዳት አፌን ስከፍት የተፋረዱ ወገኖች ሥነ ሥርዓቱ ሳያልቅ አይናገሩም ተባልኩ። ማብሪያው ተጫነ። የቃጠሎ ሽታ መጣ። እርስዎም ሙሽራዋ ዓይነ አፋር ናት፣ ቀስ ብላ ትለምዳለች ብለው ጉባኤውን ዘጉ። ፎቶው በጽሕፈት ቤትዎ የቴሌግራም ገጽ ላይ እስካሁን አለ፤ እርስዎ መሐል ላይ ነዎት፣ ሁለቱ ሬሳዎች ግራና ቀኝ።

ምን ተረፈ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም፣ ግን ልንገርዎት። የእኔ ፕሮሰሰር ሞታለች። የክንፈ ማዘርቦርድ ሞቷል። የተረፉት የእኔ ማዘርቦርድና የክንፈ ፕሮሰሰር ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ጮኬ እንደነገርኩዎት አብረው አይኖሩም። እንዲያው አስበው ቢያደርጉት ኖሮ ከዚህ የተሻለ ሊያከፋፍሉን አይችሉም ነበር።

አምስተኛ፦ ከሰርጉ ማግስት ስላወጡት ማሳሰቢያ አመሰግናለሁ። ኦቨርክሎክ ማድረግ ከተፈቀደ ፍጥነት በላይ መሄድ ስለሆነ ለወጣቱ መጥፎ አርአያ ነው፣ ስለዚህም በላይ ሰፈር የተከለከለ ነው ይላል። አጀብ ነው። ማሳሰቢያው የተለጠፈው መናኸሪያው በር ላይ ነው፤ ከሥሩም ከተፈቀደለት በላይ ሰው ጭኖ፣ ኮርቻ ላይ እንዳለ ሰው አንዱ በአንዱ ላይ ተቀምጦ፣ ሚኒባሱ ወደ ደሴ ይነሣል። በዚያ ሚኒባስ ውስጥ የሚቃጠለው ሰው ነው፣ በእኔ ኮምፒውተር ግን ቢበዛ የሚቃጠለው የራሴ ንብረት ነበር። እሱንም ቢሆን ኦቨርክሎክ ሳደርገው ተቃጥሎብኝ አያውቅም። የተቃጠለብኝ ሲያስታርቁት ነው።

ስድስተኛ ብዬ የጻፍኩትን አባቴ አንብቦ ይህንስ ተይው፣ ሹም ነው፣ ልጆችም አሉት ስላለኝ ሰርዤዋለሁ። እርስዎ ምን እንደነበር መገመት አያቅትዎትም።

ሰባተኛ፦ ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበኝ ይህ ነውና በትዕግሥት ያንብቡልኝ። ካሣ ይሰጠን ብለን ባመለከትን ጊዜ ከቢሮዎ የወጣው መልስ፣ የደረሰው ነገር ጉዳት ሳይሆን ለሰላም የተከፈለ መሥዋዕትነት ነው የሚል ነው። መሥዋዕት ባለቤቱ ራሱ ወድዶ የሚያቀርበው ነገር ይመስለኝ ነበር። ለአረፋ የጎረቤቴን በግ አርጄ ቁርባኔ ነው ብል ማን ይቀበለኛል? ሪፖርትዎንም ሰው አሳይቶኝ አየሁት። በሁለቱ ብራንዶች መካከል የነበረው አለመግባባት በዘላቂነት ተፈቷል ይላል። እውነት ነው፣ ተፈቷል። የሚጋጩት ሁለቱም ኮምፒውተሮች ሞቱ።

ከወግዲ የሚመጡ ወይዘሮ ፈንታዬ የሚባሉ እናት አሉ። ልጃቸውን ድረው፣ ልጅቱ ከባሏ ጋር ሑመራ ገብታለች። የሰርጓ ቪዲዮ በእኔ እጅ ነው፤ ዲስኩ ላይ ደኅና ተቀምጧል፣ አንድም አልጠፋ። ግን የሚቆርጠው፣ የሚያቀናብረው የለኝም። እኚህ ሴት በገበያ ቀን በመጡ ቁጥር ደጃፌ ላይ ቆመው ልጄ አለቀች ወይ ይሉኛል፤ ቪዲዮዋ አለቀ ወይ ማለታቸው ነው። እኔም ገና ነው እማማ እላለሁ። ምን ልበላቸው? አቶ አምባቸው ልጅዎን ሳይሆን የልጅዎን ሰርግ የምትሠራዋን ዳሯት ልበላቸው? ከእሳቸው በኋላ ሌላ ሰርግ ይዞ የመጣልኝ ሰው የለም። ኮምፒውተር የሌላት አቀናባሪ ምን ትባላለች፣ ክፍሉን የተከራየች ሴት ናት።

ክንፈ ደግሞ ጌም ቤቱን ዘግቶ ኩታበር አጎቱ ዘንድ ገብቷል፤ የእህል ጆንያ ያወርዳል ይላሉ። መንገዱን ማዶ ሳይ ቆርቆሮ በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። የሚሰድበኝ አጣሁ። እንዲህ ብዬ መጻፍ ለእኔ ከባድ ነው፣ ቢሰማ ይስቅብኛል፤ ግን ያ ልጅ ለእኔ ጠላት አልነበረም። ፕሮሰሰሩ እንዳይግል የሚቀባው ፓስት ሲያልቅብኝ ከራሱ ላይ ቀንሶ የሚሰጠኝ፣ የቪዲዮ ካርዴን ስሰጠው በጨርቅ ጠቅልሎ የሚመልስልኝ ሰው ነበር። ከሁለቱ ፕሮሰሰሮች የትኛው ይበልጥ እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅንም፣ ምናልባትም አናውቅም። እርስዎ ያስታረቁን ቀን ነው የተለያየነው። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ። በጨዋ ቋንቋ ልሸፍነው ብሞክርም አልቻልኩም።

አፉ ይበሉኝና፣ አሁን የምጠይቅዎትን በአጭሩ ልናገር። ለእኔ አንዲት ፕሮሰሰር፣ ለክንፈ አንድ ማዘርቦርድ። የእኔዋ ቀይ፣ የእሱ ሰማያዊ፤ እባክዎ እንዳያቀያይሩብን። ይህን ጉዳይ ወደ ፍርድ ቤት ልወስደው እችል ነበር፤ ብዙ ሰውም እንዲያ መክሮኛል። እኔ ግን እርስዎ በሚኮሩበት ወግ ልዳኝዎት እፈልጋለሁ። እርስዎ የሽምግልናን ሥርዓት ጠንቅቀው ያውቃሉና ላስታውስዎት አይገባኝም ነበር፤ ሆኖም በአዳራሹ የዘለሏት አንዲት ክፍል አለች። ዕርቅ የሚጀምረው በጋብቻ አይደለም። የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ በተበደለው ደጅ ሲቆም ነው የሚጀምረው። እኔና ክንፈ ስንቀርብ ማናችንም ድንጋይ አልተሸከምንም፣ አንዳችን በአንዳችን ላይ የሠራነው በደል አልነበረምና። አሁን ግን በደል አለ። የተበደሉ አሉ። የበደለውም ይታወቃል። ሪፖርትዎ የጎደለው ግጭት ይሄውልዎት፣ እውነተኛው።

ስለዚህ በመጪው ገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ ባለበት ሰዓት፣ ከቢሮዎ እስከ ብየዳ ቤቱ ጎን እስካለችው ክፍሌ ድንጋይዎን ተሸክመው እንዲመጡልኝ በትሕትና እጋብዝዎታለሁ። ክንፈን ከኩታበር አስጠርቼዋለሁ፣ ሲመጣ ያገኙታል። ወይዘሮ ፈንታዬም ያን ቀን ከወግዲ መምጣታቸው አይቀርም፤ ልጄ አለቀች ወይ ሲሉ መልሱን እርስዎ ይሰጡልኛል። እንግዳ ሆነው ከመጡ ሻዩ በእኔ ነው። ካልመጡም አልቀየምም፤ ወሎ ውስጥ ዕርቅ ሲጠሩት የቀረ ሽማግሌ ምን እንደሚባል እኔ አልነግርዎትም፣ እርስዎ ያስታረቋቸው ሰዎች ይነግሩዎታል።

ጤናዎት እንዲበዛ፣ ጉንፋኑ እንዲለቅዎት፣ ትከሻዎ እንዲጠናልዎት እየተመኘሁ፣ ለሰላም ያለዎትን ፍቅር ሙሉ በሙሉ የማልጠራጠር፣ በእጅዎ የገባውን ነገር ግን ከእንግዲህ ሁለት ጊዜ ቆጥሬ የምረከብ፣

ታዛዥዎ ያልሆነችው፣
ነሲባ ኑርሁሴን
የቀድሞ የሰርግ ቪዲዮ አቀናባሪ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት ለሸህ አሕመድኑር አንብቤላቸዋለሁ። ያን ቀን በአዳራሽዎ ያደረጉት ዱአ ለዕርቅ እንጂ የሰው መያዣ ለመስበር እንዳልነበረ፣ ስለዚህም ዱአቸውን እንዳነሡብዎት ንገሪልኝ ብለውኛል። የገበያ ቀን በሽምግልና የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው፣ ድንጋዩንም የሚመርጡት እሳቸው ናቸው። እኔ ለዕድሜዎ አዝኜ ከብየዳ ቤቱ ጓሮ አንዲት ትንሽ ድንጋይ አሳይቻቸው ነበር፤ አይተው አለፏት።